እንዶድ፣ ቀንድ አውጣ እና የልጆች «ለምን?»

ቤታችሁ ውስጥ «ሳይንስ ምንድን ነው?» የሚል ልጅ ካለ ከትርጉም አትጀምሩለት። እኔ የተማርኩት በትርጉም ነው። ሰሌዳ ላይ የተጻፈችውን ሁለት መስመር ክፍሉ በሙሉ በዜማ ሲያነበንባት ትዝ ይለኛል። ለፈተና ጠቀመችን፤ በማግስቱ ግን የማናችንም ጭንቅላት ውስጥ አልነበረችም።

ባጭሩ ሳይንስ ሁለት ነገር ነው። ስለ ዓለም የደረስንበት ዕውቀት ሳይንስ ይባላል፣ ወደ ዕውቀቱ የሚያደርሰው መንገድም ሳይንስ ይባላል። ልጆችን የሚያስቸግራቸው ሁለተኛው ነው። ዕውቀቱ መጽሐፍ ላይ አለ፤ መንገዱ ግን ሰው ሲሄድበት ካላዩት አይገባቸውም። ለዚህ ደግሞ ከአድዋ የተሻለ ታሪክ አላገኘሁም። ጦርነቱን ማለቴ አይደለም፣ የወንዙን ነው።

በ1964 እ.ኤ.አ. (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ዶክተር አክሊሉ ለማ የሚባሉ ኢትዮጵያዊ ሳይንቲስት ቢልሃርዚያን ሊያጠኑ አድዋ ሄደው ነበር። በሽታው የሚመጣው ከደቃቅ ትል ነው። የትሉ ዕንቁላል ከታመመ ሰው ዓይነ ምድር ጋር ውኃ ውስጥ ይገባና ይፈለፈላል፣ ከዚያ ቀንድ አውጣ ውስጥ ገብቶ ይራባል፣ ከቀንድ አውጣው ሲወጣ ደግሞ ወንዙ ውስጥ የሚዋኝ ወይም የሚሻገር ሰው ቆዳ በስቶ ይገባል። ቀንድ አውጣው ከሌለ መንገዱ ተቆረጠ ማለት ነው።

ወንዙ ዳር ሴቶች እንደ ጥንቱ በእንዶድ ልብስ ያጥባሉ። አክሊሉ አንድ ነገር አስተዋሉ፦ የእንዶዱ አረፋ ከሚለቀቅበት ቦታ ዝቅ ብሎ ብዙ የሞተ ቀንድ አውጣ አለ። በሌላው የወንዙ ክፍል ያሉት ግን ምንም አልሆኑም።

እዚህ ላይ ታሪኩን አቁሙና ልጁን «አንተ ብትሆን ምን ታደርግ ነበር?» በሉት። አብዛኛው ልጅ «እንዶዱ ነው የገደላቸው!» ብሎ ይዘላል። ጥሩ ግምት ነው። ግን ግምት ነው፤ በትልቁ ስሙ መላምት ይባላል። ምናልባት የልብሱ እድፍ ቢሆንስ? ሌላ በሽታ ቢሆንስ? አክሊሉ በሕይወት ያሉ ቀንድ አውጣዎች ሰብስበው ዕቃ ውስጥ አደረጉና ከአጣቢዎቹ አንዷን ከእንዶድ አረፋው ጨምሪበት አሏት። ቀንድ አውጣዎቹ ሞቱ።

ይህቺ ደቂቃ ደስ ትላለች፣ ሥራው ግን ገና መጀመሩ ነበር። ቤተ ሙከራ ውስጥ መደጋገም፣ መጠኑን መለካት፣ ሰውንና እንስሳን ይጎዳ እንደሆነ መፈተሽ አለ (ዓሣን ይገድላል፣ ስለዚህ እንዳሻህ ወንዝ ውስጥ የምትደፋው ነገር አይደለም)። ከ1969 ጀምሮ ለአምስት ዓመት ያህል አድዋ ላይ በተግባር ተሞከረ። ዶክተር ለገሰ ወልደዮሐንስ ደግሞ ከየአካባቢው የተሰበሰቡ የእንዶድ ዓይነቶችን እያነጻጸሩ የትኛው እንደሚበልጥ ሲፈትሹ ዓመታት ፈጀባቸው። ሁለቱ ሰዎች በ1989 «አማራጭ ኖቤል» የሚባለውን ሽልማት በጋራ አገኙ፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያለው የፓቶባዮሎጂ ተቋምም ዛሬ በአክሊሉ ለማ ስም ይጠራል። ከወንዙ እስከ ሽልማቱ 25 ዓመት። ይህን ቁጥር ልጆች ፊት ሳትሸሽጉ ተናገሩት።

የሚገርመኝ ነገር፣ እንዶዱ ከዘመናት በፊትም እዚያው ነበር፣ የቀንድ አውጣዎቹ ሬሳም እዚያው። ዓይኑን ያሳረፈበትና «ለምን?» ያለው ሰው ነበር የጎደለው።

ታዲያ ልጆች ሳይንቲስት ሲባሉ ምን ይታያቸዋል? ዴቪድ ዌድ ቻምበርስ የተባለ ተመራማሪ ከ1966 እስከ 1977 ድረስ 4,807 ልጆችን ሳይንቲስት ሣሉ ብሎ ነበር። ውጤቱን በ1983 አሳተመው። ነጭ ጋዋን፣ መነጽር፣ ጺም፣ ብልቃጥ። ሴት ሳይንቲስት የሣሉት 28 ብቻ ነበሩ፣ ሁሉም ሴት ልጆች። ወረቀትና እርሳስ ስጧቸውና እናንተም ሞክሩት፤ ከየት እንደምትጀምሩ ሥዕሉ ይነግራችኋል።

ብልቃጥ ሳይነካ ዕድሜውን የሚጨርስ ሳይንቲስት ሞልቷል። የቅሪተ አካል ተመራማሪውን ዘረሰናይ ዓለምሰገድን ውሰዱ። እሱና ቡድኑ በታኅሣሥ 2000 አፋር፣ ዲኪካ ላይ ከ3.3 ሚሊዮን ዓመት በፊት በሦስት ዓመቷ ገደማ የሞተች የጥንታዊ ሰው መሰል ሕፃን ቅሪት አገኙ። ሰላም የምትባለው ናት። አጥንቷ ግን ጠጣር አሸዋ ድንጋይ ውስጥ ተቀብሮ ስለነበር በጥርስ ሐኪም መቦርቦሪያ ቅንጣት በቅንጣት ሲያስለቅቃት ዓመታት አለፉ፤ ለዓለም ያስተዋወቃት በ2006 ነው። ልጆች ይህን ሲሰሙ መጀመሪያ የሚጠይቁት «አልሰለቸውም?» ነው። የኔ ልጅ ደግሞ «ቢሰበርበትስ?» አለችኝ። ትክክለኛው ጥያቄ ይሄ ነው።

መማሪያ መጻሕፍት ላይ ሳይንስ በተርታ ይመጣል፦ ምልከታ፣ ጥያቄ፣ መላምት፣ ሙከራ፣ ድምዳሜ። ሐሰት አይደለም፣ ግን ሲሠራ እንዲህ ቀጥ ብሎ አይሄድም። ሙከራው ይበላሻል፣ ጥያቄው ይቀየራል፣ ሌላ ሰው ደግሞ ሠርቶት እንቢ ሲለው ወደ ኋላ ይመለሳሉ።

ቤት ውስጥ ለማሳየት ቤተ ሙከራ አያስፈልግም (በረኪና ከሌላ ነገር ጋር መቀላቀል ግን በፍጹም!)። ስምንት ቦሎቄ ውኃ ውስጥ ዘፍዝፋችሁ አሳድሩ። ሁለት ብርጭቆ፣ ሁለት እርጥብ ጥጥ፣ አራት አራት ፍሬ። አንዱን መስኮት ዳር፣ ሌላውን ቁምሳጥን ውስጥ። ውኃው እኩል፣ ቀኑ እኩል፣ የተለየው ብርሃን ብቻ፤ ሁለት ነገር ካለያያችሁ የትኛው እንደሠራ አታውቁም። ከመዝጋታችሁ በፊት ልጁ ግምቱን በጽሑፍ ያስቀምጥ። ይሄን አትዝለሉ፣ አለበለዚያ ኋላ «እኔማ አውቄው ነበር» ይመጣል።

ሁሉም ልጅ ማለት ይቻላል ጨለማ ውስጥ ያለው አይበቅልም ብሎ ይጽፋል። ከአሥር ቀን ገደማ በኋላ ቁምሳጥኑ ሲከፈት ግን በቅሎ ታገኙታላችሁ፣ እንዲያውም መስኮት ዳር ካለው ይረዝማል። ግን ቀጭን ነው፣ ነጣ ያለ ቢጫ፣ ራሱን መሸከም ያቃተው። ፍሬው ስንቁን ይዞ ነው የመጣው፤ በዚያ ስንቅ ብርሃን ፍለጋ ይንጠራራል፣ አረንጓዴ የሚያደርገው ክሎሮፊል ግን ያለ ብርሃን አይፈጠርም።

ግምቴ ተሳሳተ ብሎ ቢያኮርፍ አታባብሉት። እኛ ቤት ኩርፊያው አምስት ደቂቃ አልቆየም፤ ልጄ ቢጫዋን ቡቃያ አንስታ «አሁን መስኮት ላይ ባደርጋት አረንጓዴ ትሆናለች?» አለችኝ። ጻፊ አልኳት። «ትሆናለች» ብላ ጻፈች፣ ቀኑንም አስቀመጠች።