ተመጣጣኝነት ምንድን ነው? ሚዛን የሚወጣው መጨረሻ ላይ ነው

የጸረ ሽብር ሕግ በተነሳ ቁጥር አንድ አስተያየት ሰጪ አይጠፋም። «ደኅንነትና ነጻነት ሚዛን ላይ ናቸው፤ አደጋው ሲከብድ ነጻነት መቅለሉ የግድ ነው፤ ተመጣጣኝነት ማለት ይኸው ነው» ይላል። አሁን አሁን የሕግ ሰዎችም እንደዚያ ሲሉ እየሰማሁ ነው፤ ዝም ማለት አልቻልኩም።

አብዛኛው መብት ሊገደብ ይችላል። መንግሥትም ሕዝቡን ከጥቃት የመጠበቅ ግዴታ አለበት። እዚህ ላይ ጠብ የለንም። ጠቡ ሚዛኑ መቼ እንደሚወጣና ምን እንደሚጫንበት ነው።

ተመጣጣኝነት መብትን የሚገድብ እርምጃ በተራ የሚያልፍባቸው ጥያቄዎች ነው። ገደቡ ግልጽ በሆነ ሕግ ተደንግጓል? ዓላማው ተቀባይነት አለው? እርምጃው ለዓላማው ይጠቅማል? መብትን ያነሰ የሚጎዳ፣ ውጤቱ ግን ያው የሆነ ሌላ መንገድ የለም? እነዚህን ሁሉ ያለፈ እርምጃ ብቻ ነው ሚዛን ላይ የሚወጣው። (ደረጃዎቹን ሁሉም አገር እኩል አይቆጥራቸውም። የካናዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1986 ኦክስ በተባለ ተከሳሽ መዝገብ ያስቀመጠው ቅደም ተከተል በየቦታው ይጠቀሳል። የአሜሪካ ፍርድ ቤቶች መንገዳቸው ሌላ ነው። ዓመቶቹን የምጽፈው በፈረንጆቹ ነው።)

ሚዛኑ ጋ ሳይደርስ የሚወድቅ እርምጃ ሞልቷል። የብሪታኒያ የ2000 የሽብርተኝነት ሕግ ፖሊስ በተፈቀደለት አካባቢ ማንንም መንገደኛ ያለ ምንም ጥርጣሬ አስቁሞ እንዲፈትሽ ይፈቅድ ነበር። የአውሮፓ የሰብዓዊ መብቶች ፍርድ ቤት በ2010 መብት ተጥሷል አለ። ምክንያቱ ሽብር ቀላል ነው የሚል አልነበረም። ሥልጣኑ ልጓም ስለሌለው «በሕግ የተደነገገ» ሊባል አይችልም ነው ያለው። የመጀመሪያው ጥያቄ ላይ አለቀ። የአደጋው ክብደት ይህን ቀዳዳ አይደፍንም።

ይሁን፣ ሚዛኑ ጋ ደረስን እንበል። አስተያየት ሰጪያችን በአንዱ ሰሃን ላይ «የአገር ደኅንነት»ን እንዳለ ይጭናል። በሌላው ላይ የአንድ ተጠርጣሪ ጥቂት ቀናት። እንዲህ ከተመዘነማ ነገሩ ገና ሳይጀመር ያለቀ ነው። መጫን የነበረበት እርምጃው ከቀለለው አማራጭ በላይ የሚጨምረው ደኅንነት ብቻ ነው። ሰውን ያለ ክስ 14 ቀን ማቆየት የሚፈቅድ ሕግ አለ እንበል። ወደ 28 ይደግ የሚል ረቂቅ መጣ። የሚመዘነው «ሽብርን መከላከል» በጠቅላላው አይደለም። ከ15ኛው ቀን እስከ 28ኛው ቀን ብቻ የሚገኝ፣ ሰውየው ቢለቀቅ ወይም ቢከሰስ የማይገኝ ነገር ምንድን ነው? ይህን አስልቶ የሚመጣ ረቂቅ ብርቅ ነው።

ሰሃኑ ላይ ያለው ነጻነት የማን እንደሆነም ይታይ። «ትንሽ ነጻነታችንን እንስጥ» ሲባል ሰጪው አብዛኛውን ጊዜ ተናጋሪው አይደለም። ብሪታኒያ ከመስከረም 11 ጥቃት በኋላ በ2001 ያወጣችው ሕግ በሽብር የተጠረጠሩና ከአገር ሊባረሩ የማይችሉ የውጭ ዜጎችን ያለ ክስ፣ ያለ ጊዜ ገደብ ማሰር ፈቀደ። ያኔ የመጨረሻው ፍርድ ቤት የነበረው የጌቶች ምክር ቤት ነገሩን በ2004 አየው። ከ9ኙ ዳኞች 8ቱ ሕጉ ከመብት ጋር አይጣጣምም አሉ። አብዛኞቹ አደጋው እውነተኛ መሆኑን ተቀብለዋል። ግን ያው ስጋት ከዜጎችም ይመጣል፤ ዜጋ በዚህ ሕግ አይታሰርም። ታሳሪው የውጭ ዜጋም የሚቀበለው አገር ካገኘ በፈቃዱ ወጥቶ መሄድ ይችላል። ያን ያህል አደገኛ ከሆነ እንዴት ይለቀቃል? በነገራችን ላይ ድሉን አታግንኑት። ዳኞቹ ሕጉን የመሻር ሥልጣን አልነበራቸውም። በ2005 በእስሩ ምትክ የመጣው የቁጥጥር ትእዛዝ፣ ማለትም ተጠርጣሪን ሳያስር እንቅስቃሴውን የሚገድብ ትእዛዝ፣ ደግሞ ዜጎችንም ጨመረ። አድልዎን ማስቀረት በዚህም በኩል ይቻላል።

ሚዛኑን የያዘውስ ማነው? የደኅንነቱን ክብደት የሚናገረው እርምጃውን የጠየቀው አካል ራሱ ነው፤ ማስረጃው ደግሞ ብዙ ጊዜ ምስጢር ነው። ዳኛም ስለ ስጋት ግምት ከደኅንነት ሰዎች ጋር መከራከር አይወድም። ይህን በሙያዬ ውስጥ ያለ እውነተኛ ድክመት አድርጌ ነው የማየው፤ ተመጣጣኝነት ብቻውን አይፈታውም።

ሌላው አንዴ የተመዘነ ነገር ዳግም ሚዛን ላይ አለመውጣቱ ነው። በኅዳር 1974 በበርሚንግሃም መጠጥ ቤቶች ላይ ቦምብ ከፈነዳ በኋላ የብሪታኒያ ፓርላማ በቀናት ውስጥ አንድ የጸረ ሽብር ሕግ አጸደቀ። በርዕሱ ላይ ራሱ «ጊዜያዊ ድንጋጌዎች» ይላል። እየታደሰና እየተተካ፣ ቋሚ ሕግ በ2000 እስኪወጣ ድረስ ዘለቀ።

ከነጭራሹ ሚዛን ላይ የማይወጣም አለ። በ1966 የጸደቀው የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ዓለም አቀፍ ቃል ኪዳን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ቢታወጅ እንኳ የማይነኩ መብቶችን ይዘረዝራል፤ ከማሰቃየት መጠበቅ አንዱ ነው። ይህንንም ለመመዘን ተሞክሯል። ጣሊያን አንድን የሽብር ተጠርጣሪ ወደ ቱኒዚያ ልትመልስ ስትል ብሪታኒያ ጣልቃ ገብታ፣ ሰውየው እዚያ ሊደርስበት የሚችለው ስቃይ እዚህ ከሚያመጣው አደጋ ጋር ይመዘን ብላ ተከራከረች። የአውሮፓው ፍርድ ቤት በ2008 ክርክሩን ውድቅ አደረገው። ሰውየው ለሌላው አደገኛ መሆኑ እሱ ራሱ የመሰቃየት ዕድሉን በምንም አይቀንሰውም፤ ሁለቱ ለየብቻቸው የሚጣሩ ናቸው አለ።