በድሬዳዋ የሙያ መማማሪያ መረብ

የግል የመማማሪያ መረብ የሚባለው አንድ ሙያተኛ ራሱ መርጦ የሚይዛቸው ሰዎች ስብስብ ነው። አለቃ አይመድብለትም። ሥራ ሲጠጥርበት ይጠይቃቸዋል፤ ሲጠጥርባቸው ይጠይቁታል። ስሙ አዲስ ቢሆንም ነገሩ ለድሬ ልጅ እንግዳ አይደለም።

መነሻው ባቡሩ ነው። ሀዲዱ ከጅቡቲ ተነስቶ እዚህ የደረሰው በ1902 እ.ኤ.አ. ነው። መጀመሪያ የታሰበው ሐረር እንዲገባ ነበር። ተራራው ስላስቸገረ ግን ከግርጌው ይህች ውብ ከተማ ተቆረቆረች። ኩባንያው ገንዘብ አጠረውና በ1907 ከሰረ። በ1908 ሌላ ኩባንያ ተተካ፤ መስመሩ አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነው። እስከዚያው ድሬዳዋ ለዓመታት የሀዲዱ ጫፍ ሆና ቆየች፤ ትልቁ የጥገና ወርክሾፕም እዚሁ ተተከለ። በያጁ፣ ቀጥቃጩ፣ ኤሌክትሪክ ሠራተኛው አንድ ግቢ ውስጥ ይውሉ ነበር። የሥራ ቋንቋው ፈረንሳይኛ ነበር። ፈረንሳይኛ የሚያነበው መመሪያውን ያብራራል፣ እጁ የሰላው ሥራውን ያሳያል ይባላል። በ1950ዎቹ የእንፋሎቱ ሞተር ለናፍጣው ቦታ ሲለቅ ሠራተኛው ሙያውን እንደ አዲስ መማር ነበረበት። ግቢው ከአገሪቱ አንጋፋ የቴክኒክ ትምህርት ቤቶች አንዱ ነበር ብል ማጋነን አይመስለኝም።



መምህራን ዘንድ መረቡ መደበኛ መልክ አለው። ተቀራራቢ ትምህርት ቤቶች በጉድኝት ማዕከል፣ ማለትም ልምድ በሚለዋወጡበት ማዕከል፣ ተሳስረዋል። ተከታታይ የሙያ ማሻሻያ መርሐ ግብሩም ለአንድ መምህር በዓመት 60 ሰዓት ይጠይቃል። ፎርም ለመሙላት ብቻ የሚሰበሰብ አይጠፋም። ዋናው ጥቅም ያለው ግን ባልደረባህ ክፍል ገብቶ ስታስተምር አይቶ፣ ያየውን በግልጽ ሲነግርህ ነው።

ከዚህ ውጭ ያለው የከተማዋን ጠባይ የያዘ ነው። ቀትር ላይ ሙቀቱ ሥራ ያስቆማል፤ ከሰዓት በርጫ ላይ ነጋዴውም መካኒኩም የሥራ ጨዋታ ያነሳል። ብዙ እውቀት እዚያ ይተላለፋል። የማይቅም ሰው፣ በተለይ ብዙ ሴት ሙያተኞች፣ ከዚያ ጨዋታ ይቀራሉ። ይህ ትልቅ ጉድለት ነው። ቴሌግራም በከፊል ሞልቶታል፤ የተበላሸውን ክፍል ፎቶ አንስቶ መላክና መልስ መጠበቅ ለሁሉም ክፍት ነው። ቡድን ውስጥ መግባት ብቻውን ግን መረብ አይሆንም። ምን እንደሞከርክና የት እንደቆምክ ጽፈህ ስትጠይቅ መላሽ ታገኛለህ። መፍትሔው ሲሠራልህ ተመልሰህ ካሳወቅህ ደግሞ ያ ሰው በሌላ ቀን ስልክህን ያነሳል።