«ዝም በይ፣ ትልቅ ሰው ነው»፦ ልጆችና ነጻነት ላይ የምንሳሳተው

ቱሉ ዲምቱ፣ የታክሲ ሰልፍ ላይ ነን። ገና 1 ሰዓት አልሞላም። አንድ ከረባት ያሰረ ሰውዬ ስልክ እያወራ መጣና ከፊታችን ገባ። የ9 ዓመት ልጄ ቀና ብላ «ጋሼ፣ የሰልፉ መጨረሻ እኮ እዚያ ነው» አለችው። እኔ እጇን ጨበጥ አድርጌ «ዝም በይ፣ ትልቅ ሰው ነው!» አልኳት። ሰውየው ተሳፈረ፣ እኛ ቀረን። ትምህርት ቤት እስክንደርስ አላናገረችኝም።

ከዚያ ወዲህ እኔም ጎረቤቶቼም ለልጆች የምንላቸውን ልብ ማለት ጀመርኩ።

«ጨዋ ልጅ ለትልቅ ሰው አይመልስም»

ልጄ እኮ «ጋሼ» ብላዋለች። ድምፅዋንም አላነሳችም። ከዚህ በላይ ምን ጨዋነት አለ? ነገሩ ደግሞ ከሰልፍ ያልፋል። ትልቅ ሰውን እምቢ ማለት ነውር ነው ተብላ ያደገች ልጅ፣ ክፉ እጅ ሲነካት በምን አፏ እምቢ ትበል?

«ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም»

ተረቱን እወደዋለሁ፣ ግን ለሁሉም ነገር እንጠቅሰዋለን። የተባበሩት መንግሥታት እ.ኤ.አ. በ1989 ያጸደቀውን፣ ኢትዮጵያም የተቀበለችውን የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን የሚፈሩ ወላጆች አሉ። «ልጅ አዛዥ ሊሆን ነው» ይላሉ። አንቀጽ 12 የሚለው ሌላ ነው፦ ልጁን በሚነካ ጉዳይ ሐሳቡ ይሰማ፣ እንደ ዕድሜውና እንደ ብስለቱም ክብደት ይሰጠው። ይወስን አላለም።

እኛ ኮንዶሚኒየም ውሃ በፈረቃ ነው። ማን ጀሪካን ይዞ ይውረድ የሚለው በየጊዜው ያጨቃጭቀን ነበር። አንድ ቀን ለራሳቸው ተውኩት። ትንሹ «እኔ ባለ 5 ሊትሩን 2 ጊዜ ልመላለስ» አለ። ጭቅጭቁ አልቀረም። አሁን ግን የሚጨቃጨቁት ራሳቸው ባወጡት ደንብ ነው።

«ነጻነትን ከአድዋ ይማራሉ»

የግቢውን ልጆች አድዋ መቼ ነው በሏቸው። በአንድ ድምፅ «የካቲት 23 ቀን 1888!» ይሏችኋል። ለምን ተዋጋን ስትሏቸው ጭጭ። አንድ ቅዳሜ ብይ ሲጫወቱ አጠገባቸው ቁጭ ብዬ የውጫሌን ውል አወራኋቸው። በ1881 ዓ.ም. የተፈረመ፣ በአማርኛና በጣሊያንኛ የተጻፈ ውል። የአማርኛው አንቀጽ 17 አጼ ምኒልክ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ለሚኖራቸው ጉዳይ በጣሊያን በኩል መላላክ ይችላሉ ይላል። የጣሊያንኛው ግን ያስገድዳቸዋል። በአንዲት ቃል አገር ጥገኛ ልትሆን!

አንዱ ብዩን እንደጨበጠ ብድግ አለ። «ይሄማ ማጭበርበር ነው! እሱም ሳንበላላ ነው ብሎኝ ሲያሸንፍ በላሁህ ይላል!» ጓደኛው አንገቱን ደፋ።

ቀጥዬ፣ ምኒልክ መጀመሪያ የተቃወሙት በደብዳቤ እንደሆነ ነገርኳቸው። በ1885 ዓ.ም. ውሉን እንደማይቀበሉት አስታወቁ፣ ጦርነቱ ከዚያ በኋላ መጣ። ይህ ገረማቸው። ለእነሱ አድዋ ከጎራዴ ነበር የሚጀምረው።

«እኛም ተገርፈን ነው ሰው የሆንነው»

እኔም ተገርፌያለሁ። የተማርኩት ከማን መደበቅ እንዳለብኝ ነው። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት አካላዊ ቅጣት እንዳይደርስባቸው ይደነግጋል። ብዙ ወላጅ ይህን ሲሰማ «የምርህን ነው?» ይላል። እኔ የተማርኩበት ክፍል አንዱ ሲያፏጭ ሁላችንም እንንበረከክ ነበር። ያላጠፋ ልጅ ሲቀጣ ምን ይማራል? ፍትሕ የሚባል ነገር እንደሌለ።

«ነጻነት የትልልቆች ጉዳይ ነው»

ሰኔ 9 የአፍሪካ ሕፃናት ቀን ነው። ፊኛ ይነፋል፣ ይዘፈናል። የቀኑ ምንጭ ግን ሶዌቶ ነው፣ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ። በ1968 ዓ.ም. በዚሁ ቀን የዚያ ተማሪዎች በአፍሪካንስ፣ በነጮቹ ገዢዎች ቋንቋ፣ እንዲማሩ መገደዳቸውን በመቃወም ሰልፍ ወጡ፣ ፖሊስ ተኮሰባቸው። ከሞቱት መካከል ሄክተር ፒተርሰን ገና የ12 ዓመት ልጅ ነበር። ለትንንሾች ዝርዝሩን አላወራም። ሰልፉ የልጆች እንደነበር ግን እነግራቸዋለሁ። ልጅን ከጥይት ፊት ማቆም የአዋቂ ውድቀት መሆኑንም አልደብቅም።

«መልሰህ ምታው»

አባቶች የሚወዷት ምክር ናት። ጉልበተኛው የሚበልጠው ከሆነስ? ልጁ ሁለቴ ይመታል። ጓደኛ መጥራት፣ ጮክ ብሎ «ተው» ማለት፣ ለመምህር መናገርም ድፍረት ይጠይቃል። ችግሩ፣ የሚናገረውን ልጅ «አሳባቂ» እንለዋለን።

ያ ከረባታም ባለፈው ሳምንት ደግሞ መጣ። አሁን እኔ ቀደምኩ፦ «ወንድሜ፣ ሰልፍ አለ»። አልሰማኝም፣ ወይም ያልሰማ መሰለ። ላቤ መጣ። ልጄ እጄን ሳብ አድርጋ «ተራ አስከባሪውን እንጥራ» አለች። ጠራነው።