«ተፋሰስ» ሲባል የሐይቁ ዳርቻ ብቻ አይደለም

የጣና ተፋሰስ ይጠበቅ ሲባል የብዙ ሰው ሐሳብ በውኃው ዳር ወዳለው ደንገልና ረግረግ ይሄዳል። ተፋሰስ ግን የዘነበበት ዝናብ በስተመጨረሻ ወደ አንድ ሐይቅ ወይም ወንዝ የሚወርድ መሬት ሁሉ ነው፤ ጉማራና ርብ ከጉና ተራራ ተነሥተው ፎገራን አቋርጠው ጣና ስለሚገቡ፣ ሐይቁን አይቶ የማያውቅ የጉና ገበሬ የገብስ ማሳም የጣና ተፋሰስ አካል ነው።

የአፈርና ውኃ ጥበቃ ሥራ ከላይ ወደ ታች ይሠራ የሚለው መመሪያ ግር የሚያሰኘውም ይህ ሳይታወቅ ሲቀር ነው። በሐምሌ ዝናብ ቁልቁል በታረሰ ማሳ ዳር የቆመ ሰው ምክንያቱን በዓይኑ ያያል፤ የጣት ውፍረት ያልነበረው ውኃ ጥቂት እንደ ወረደ ቡናማ ሆኖ ትልሙን ይቦረቡራል፣ ከሌላው ጋር ሲገናኝም ከታች የተሠራውን እርከን ደርምሶ ያልፋል። ከላይ በእርከን የተገታ ውኃ ግን ወደ መሬት ይሰርጋል፣ አፈሩም እዚያው ይቀራል።

ጎርፉ ደለል ብቻ ይዞ አይወርድም። ከአፈሩ ጋር የተጣበቀው ፎስፈረስ በሐይቁ ውስጥ አረምን ይመግባል፤ ከ2011 እ.ኤ.አ. ወዲህ ጣናን ያስጨነቀው እንቦጭም እንዲህ ያለውን ውኃ ይወዳል። የጣና ጥልቀት ቢበዛ 15 ሜትር ገደማ ነው፣ ደለል የሚሸከምበት አቅሙ ውስን ነው።

የዳርቻው ደንገል ጥቅም የለውም ማለት አይደለም፤ የደረሰውን ጭቃ በከፊል ያጣራል፣ ስለዚህ ሊታረስ አይገባም። ዋናው ሥራ ግን ከላይ ያለው እርከን ነው፤ እሱም ተሠርቶ ከብት ከተለቀቀበት፣ እንደ እኔ እምነት፣ ከብቱ ስለሚረግጠው የክረምቱ ጎርፍ ሳይመጣ ሥራው ፈርሷል።