በፍጥነት የሚቆሙ ጉልላቶችና ቅርፊት ጣሪያዎች፦ ከሰሜን ሸዋ ሲታዩ

ጉልላት ሲባል ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚታየው በቤተ ክርስቲያን ጣሪያ አናት ላይ የሚቆመው፣ መስቀል የተሸከመው ጌጥ ነው። የግንባታ ሰው ግን ቃሉን አስፍቶ ጎባጣውን ጣሪያ ራሱን ጉልላት ይለዋል። ሳይት ላይ «ዶም» ወይም «ሼል» ይባላል። ሼል ማለት ቅርፊት ነው። እንደ እንቁላል ቅርፊት ስስ ሆኖ፣ በውፍረቱ ሳይሆን በጉብጠቱ የሚጠነክር ነገር።

ይህ ዳሰሳ እንዲህ ያሉ ቅርፊቶች በፊኛ፣ በመርጫ ማሽንና ጭቃ ወይም ኮንክሪት ዙር በዙር በሚደርብ ፕሪንተር ቶሎ የሚቆሙባቸውን መንገዶች ይመለከታል። በአማርኛ አንድ ላይ ተሰብስቦ ስላላገኘሁት ባለኝ ልክ አዘጋጀሁት። ስለ ፊኛው ብዙ አለኝ፣ ስለ ፕሪንተሩ ጥቂት። የምጽፈው ደብረ ብርሃን ተቀምጬ ነው፤ ግንባታ የማስተምረውም እዚሁ ነው። «ሰሜን ሸዋ» ስል የአማራ ክልሉንም፣ ዋና ከተማው ፍቼ የሆነውን የኦሮሚያውንም ዞን ማለቴ ነው።

ጉብጠትና መቀነት

ጉልላት ክብደቱን በጎኑ እያንሸራተተ ወደ መሬት ያወርዳል። ግማሽ ኳስ የመሰለ ጉልላት የራሱን ክብደት ብቻ ሲሸከም፣ ከአናቱ እስከ 52 ዲግሪ ገደማ ያለው ክፍል እርስ በርሱ ይጨናነቃል። ከዚያ በታች ያለው ግን ወደ ውጭ መከፈት ይፈልጋል። ኮንክሪት መጨናነቁን ይችላል፤ መወጠር ላይ ግን ደካማ ነው። ስለዚህ ከግርጌው ፌሮ የገባበት የቀለበት ቢም ይታሰርለታል። ተማሪዎቼ «መቀነት» ይሉታል። እኔም ከመጽሐፉ ስም ይልቅ የእነሱን ይዣለሁ።

ቅርፊት ምን ያህል ይሳሳል? አርክቴክቱ ፌሊክስ ካንዴላ እ.ኤ.አ. በ1958 ሜክሲኮ፣ ሾቺሚልኮ ላይ የሠራው የምግብ ቤት ጣሪያ ውፍረቱ 4 ሴንቲሜትር ገደማ ነው። ከአንድ ብሎኬት ውፍረት ግማሽ እንኳ አይሞላም። ፈተናው ካሳፎርማው ነበር፤ እርጥብ ኮንክሪት እስኪጠነክር ቅርጹን የሚይዝለት ማቀፊያ ማለት ነው። ጎባጣ ካሳፎርማ ጣውላ ይበላል፣ አናጺ ይበላል፣ ቀን ይበላል። የእጅ ዋጋ ሲንር እንደ ካንዴላ ያለው ሥራ ከገበያ ወጣ። ከዚያ ወዲህ የመጣው ፈጠራ በአብዛኛው ካሳፎርማውን በሌላ ነገር ለመተካት የተደረገ ሙከራ ነው።

እኛ ዘንድ ያለው

ክብ ቤት ለሸዋ አዲስ አይደለም። የመንዝ የድንጋይ ቤት ግን ጉልላት የለውም። ግድግዳው ክብ ነው፤ ጣሪያው በምሰሶና በማገር የቆመ፣ በጓሳ ሣር የተከደነ ሾጣጣ ነው። ድንጋይ በጉብጠት ሲሸከም ማየት የፈለገ ደብረ ሊባኖስ አጠገብ ያለውን የፖርቱጋል ድልድይ ይመልከት። ስሙ የውጭ ሰው ሥራ ያስመስለዋል። በራስ ዳርጌ ጊዜ የተሠራ ነው የሚሉ አሉ፤ እኔም ከእነሱ ጋር ነኝ።

ፈጣን ቅርፊት ከተባለ ከአንኮበር ቁልቁል ሲወርዱ የሚገኘው የአፋሮች ቤት ነው። ከጎበጡ እንጨቶችና ከሰሌን ይሠራል። ሴቶቹ ይተክሉታል፣ ይነቅሉታል፣ በግመል ጭነው ይሄዳሉ።

በደጋው ደግሞ ጎታ አለ። እናቴ ጎታ ስትሠራ ጭቃውን ከጭድና ከእበት ጋር ታቦካለች። እንደ ወፍራም ገመድ ታድበለብለውና ዙሪያውን ታስኬደዋለች። በእርጥብ መዳፏ ትለስነዋለች። ከዚያ ትታው ወደ ሌላ ሥራዋ ትሄዳለች። ቸኩላ በአንድ ቀን ብዙ ዙር ከደረበች የታችኛው ሆዱ ይነፋል። በማግስቱ ጠንከር ሲል ቀጣዩን ዙር ትደርባለች። ወደ አፉ ስትደርስ እያጠበበች ታመጣዋለች። ይህን ያየ ሰው ዛሬ የኮንክሪት ፕሪንተር ሲያይ ብዙም አይደነቅም። የሁለቱም ገደብ አንድ ነው፤ የታችኛው ዙር ሳይጠነክር የላይኛው አይጫንም።

የፊኛው ዘመን

እ.ኤ.አ. በ1941 አሜሪካዊው አርክቴክት ዋላስ ኔፍ ትልቅ ፊኛ ነፍቶ በሽቦ መረብ አለበሰው፤ በላዩም በቱቦ ኮንክሪት ረጨበት። ኮንክሪቱ ሲጠነክር ፊኛውን አስተንፍሶ በበሩ አወጣው። በአገሩ ብዙ ፈላጊ አላገኘም። ዳካር ግን እ.ኤ.አ. በ1950 ገደማ በዚሁ ዘዴ ብዙ ቤት ተሠራ። «ሜዞን ባሎን»፣ የፊኛ ቤት ይሏቸዋል። ቤተሰብ ሲበዛ ክብ ቤት ላይ ክፍል መቀጠል ያስቸግራል። ብዙዎቹ ፈርሰው ባለአራት ማዕዘን ቤት ተተክቶባቸዋል።

ጣሊያናዊው ዳንቴ ቢኒ ነገሩን ገለበጠው። ኔፍ ፊኛውን ነፍቶ ኮንክሪት ሲያለብሰው፣ ቢኒ መሬት ላይ ኮንክሪት አልብሶ ነፋው። የመጀመሪያውን እ.ኤ.አ. በ1964 ቦሎኛ አጠገብ ክሬስፔላኖ ላይ አቆመ። ስፋቱ 12 ሜትር፣ ከፍታው 6 ሜትር ነበር።

አሠራሩ እንዲህ ነው። መጀመሪያ መቀነቱ ይሞላል። በመሐሉ የጎማ ሸራ ይዘረጋና ዙሪያው ከመቀነቱ ጋር ይታሰራል። በሸራው ላይ ፌሮው ይደረደራል። ፌሮው ከስፕሪንግ ጋር ስለተሰናዳ፣ ሸራው ሲነሳ አብሮ እየተዘረጋ ቦታውን ይይዛል። ከዚያ ኮንክሪቱ እንደ ተራ ወለል ይሞላል። መሰላል የለ፣ ስካፎልዲንግ የለ። ሌላ ስስ ሸራ ይለብስና አየር ይገባበታል። እርጥቡ ኮንክሪት ከነፌሮው በአንድ ሰዓት ገደማ እንደ ሊጥ ኩፍ ይላል። ሲቆም ከውጭ በገመድ የተንጠለጠሉ ቫይብሬተሮች ኮንክሪቱን እያንቀጠቀጡ ሊጠቀጥቁት ይንሸራተቱበታል። አየሩ ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ይያዛል። በሩና መስኮቱ በመጨረሻ ይቆረጣል።

እ.ኤ.አ. በ1967 ቢኒ ኒው ዮርክ፣ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ አንድ አቁሞ አሳየ። የፊልም አዘጋጁ ሚኬላንጄሎ አንቶኒዮኒ ሳርዲኒያ ላይ የራሱን ቤት በዚህ ዘዴ አሠራ። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የአውስትራሊያው ኒው ሳውዝ ዌልስ መንግሥት ቢኒን ጠርቶ ለትምህርት ቤቶች ባለ 18 እና ባለ 36 ሜትር ጉልላቶች አስገነባ። ቤተ መጻሕፍትና አዳራሽ ሆኑ። እ.ኤ.አ. በ1986 ግን ፒትዋተር ትምህርት ቤት ያለው ተደረመሰ፤ የዘዴው ስምም አብሮ ወደቀ። የቢኒ ወገኖች በ23 አገሮች ከ1,600 በላይ ተሠርተዋል ይላሉ። ቁጥሩ የራሳቸው ነው።

ለኔ ድክመቱ ያለው በሰዓት ላይ ነው። ሙሊቱ ከተጓተተ መጀመሪያ የፈሰሰው መያዝ ይጀምራል። ሲነሳ አንዱ ጎን ይቀድማል፤ ቅርፊቱ አንድ ቦታ ይሳሳል፣ ሌላ ቦታ ይወፍራል። ሚክሰር ተበላሽቶ ግማሽ ቀን የጠበቀ ሁሉ ይህን ስጋት ያውቀዋል።

ሦስቱ የሳውዝ ወንድማማቾች፣ ዴቪድ፣ ባሪና ራንዲ፣ ከውስጥ መጡ። እ.ኤ.አ. በ1976 አይዳሆ፣ ሼሊ ላይ 32 ሜትር ስፋት ያለው የድንች ማከማቻ ሠሩ። ሸራው ይነፋና በውጭ በኩል እዚያው ይቀራል። ከውስጥ መጀመሪያ ፎም ይረጫል፣ በፎሙ ላይ ፌሮ ይታሰራል፣ ፌሮው በሾትክሪት፣ ማለትም በቱቦ በሚረጭ ኮንክሪት፣ ይሸፈናል። ሠራተኛው በዝናብም በብርድም ፊኛው ውስጥ ሆኖ ይሠራል። ፎሙ ደግሞ ሙቀት ይይዛል። ዛሬ በብዙ አገር የሲሚንቶ ፋብሪካዎች ክሊንከር፣ ማለትም ተፈጭቶ ሲሚንቶ የሚሆነውን የተቃጠለ ድንጋይ፣ የሚያከማቹባቸው ትልልቅ ጉልላቶች የዚህ ዘር ናቸው። ድንች ለሚያመርት ብርዳማ አገር የተፈጠረ ዘዴ ለእኛም ሩቅ አይደለም።

የቪየና ቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ደግሞ ኮንክሪቱን መሬት ላይ አጠንክረው፣ እንደ ተላጠ ብርቱካን ልጣጭ ቆራርጠው፣ በአየር ትራስ እያነሱ ዙሪያውን በገመድ የሚያጠብቁበትን መንገድ በ2014 እ.ኤ.አ. አሳይተዋል።

ፕሪንተርና ሹራብ

ቤት በማሽን ማተምን እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ካስጀመሩት አንዱ በደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ቤህሮክ ኮሽኔቪስ ናቸው። ለጉልላት የሚጠቀሰው ግን ዋስፕ የተባለው የጣሊያን ድርጅት ከአርክቴክት ማሪዮ ኩቺኔላ ጋር ማሳ ሎምባርዳ ላይ እ.ኤ.አ. በ2021 ያቆመው ቴክላ ነው። ሁለት የተያያዙ የአፈር ጉልላቶች ናቸው። ባለ 12 ሚሊሜትር 350 ዙር፣ 200 ሰዓት ሕትመት። ዙሩ በውፍረቱ ሲባዛ 4.2 ሜትር ከፍታ ይመጣል። ጎታ ነው፤ መዳፉ ብቻ ተለወጠ።

ኢቲኤች የተባለው የስዊዘርላንዱ የዙሪክ ቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2018 እ.ኤ.አ. በማሽን የተሠራ 55 ኪሎ ሹራብ በሻንጣ ሜክሲኮ አድርሰው ከ5 ቶን በላይ ለሆነ ኮንክሪት ካሳፎርማ አደረጉት። ለካንዴላ መታሰቢያ ነበር።

ጡብና ጀሶ

አዲስ አበባ ላይ ኢአይኤቢሲ የተባለው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ሕንፃና የግንባታ ተቋም ከዚሁ ከኢቲኤች ጋር እ.ኤ.አ. በ2010 ሱዱ የተባለ ባለ ሁለት ፎቅ የናሙና ቤት ጀመረ። የወለሉና የጣሪያው ቅርፊት ስስ የአፈርና የሲሚንቶ ጡብ ነው። በዚህ አሠራር የመጀመሪያው ንብብር ቶሎ በሚይዝ ጀሶ ይጣበቃል፤ ጡቡ በአየር ላይ ስለሚቆም ጉብጠቱን ከሚያሳይ መምሪያ በቀር ካሳፎርማ አይፈልግም። አውቶማቲክ አይደለም፤ ግን ፈጣን ነው፣ ማሽንም አይጠይቅም። ጀሶ ከተባለ ደግሞ የአባይ ሸለቆን የጀሶ ድንጋይ ጂኦሎጂስቶች የጎሃ ጽዮን ፎርሜሽን ብለው የጠሩት በሰሜን ሸዋዋ ከተማ ስም ነው።

እዚህ ቢሞከር

ሲሚንቶ ቅርብ ነው። እንሳሮ ወረዳ ላይ በ2017 ዓ.ም. የተመረቀው ለሚ ናሽናል ሲሚንቶ በቀን 150,000 ኩንታል የማምረት አቅም እንዳለው ተገልጿል። መሬቱ ደግሞ ይንቀጠቀጣል። በ1953 ዓ.ም. የካራቆሬ ርዕደ መሬት ማጀቴን አውድሟል። ቀላል ቅርፊት ለመንቀጥቀጥ ከከባድ የድንጋይ ግድግዳ ይሻላል፤ መቀነቱ በደንብ ከታሰረና በሩ ካላዳከመው ነው ታዲያ።

የደብረ ብርሃን ፈተና ከፍታና ውርጭ ናቸው። በ2,800 ሜትር ገደማ ቱርቦ የሌለው ጄነሬተር ከጉልበቱ ሩቡን ያህል ያጣል። መብራት በጠፋ ቁጥር ፊኛ የሚነፋው ማራገቢያ ይቆማል። መጠባበቂያ የሌለው ሰው ፊኛ ባይጀምር ይሻለዋል።

ውርጩን በራሴ አይቼዋለሁ። ባለፈው ኅዳር ከተማሪዎቼ ጋር ትልቅ የስፖርት መሥሪያ ኳስ ነፍተን፣ በዶሮ ሽቦ አልብሰን፣ ሞርታር ለሰንበት። ማታ ላይ ኳሱ ጠጠር ያለ ነበር። ጠዋት ስንመጣ አናቱ እንደ ተቀመጡበት ባርኔጣ ገብቷል። ቀዳዳ ፈለግን፤ የለም። የተዘጋ አየር ከ20 ዲግሪ ወደ 2 ሲወርድ ግፊቱ 6 በመቶ ያህል ይቀንሳል። ፊኛን የሚወጥረው ትርፍ ግፊት ደግሞ ብዙ ጊዜ ከዚያ አይበልጥም። ሞርታሩም በብርዱ ገና አልያዘም ነበር።

ሁለተኛውን ጠዋት ጀመርን። ማታ በደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ ጠቀለልነው፤ አንዱ ተማሪ እየተነሳ በብስክሌት ፓምፕ አየር ጨመረበት። ልስኑ የወሰደው 40 ደቂቃ ነው። መቀነቱን ማሰርና በር መቁረጥ ግን ሁለት ቀን ፈጀብን። ያቺ ቅርፊት ክረምቱን ቆማ አለፈች፤ አሁን ዶሮ ያድርባታል። ውሃ የገባት በአናቷ አይደለም። በሩን ስንቆርጥ በተሰነጠቀው ማዕዘን ነው።