የፈረንሳይ የምሕንድስና ትምህርት ቤቶች፦ የሚወራውና እውነታው

ስለ ፈረንሳይ የምሕንድስና ትምህርት የሚጠይቁኝ ወጣቶች ብዙ ናቸው። ጎበዞቹ ከሰሙት ወሬ የተነሳ ማመልከቻ እንኳን ሳይጽፉ ሲተዉት ማየት ያናድደኛል። ስለዚህ ደጋግሜ የምሰማቸውን አንድ በአንድ ልመልስ። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«ጎበዝ የተባለ ሁሉ ሶርቦን ይገባል»

ሶርቦን የፓሪስ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ በምሕንድስና ግን እንዲህ አይደለም። የፈረንሳይ መንግሥት መንገድና ድልድይ የሚሠሩለት ባለሙያዎች ሲያስፈልጉት በ1747 ኤኮል ዴ ፖን ኤ ሾሴን አቋቋመ። የማዕድን ትምህርት ቤቱ በ1783፣ ኤኮል ፖሊቴክኒክ ደግሞ በአብዮቱ ዘመን በ1794 ተከተሉ። እነዚህ «ግራንድ ኤኮል» የሚባሉት ተቋማት ከዩኒቨርሲቲዎች ተለይተው አደጉ፤ ተማሪዎቻቸውንም በጥብቅ ውድድር ይመርጣሉ። በአንድ ዓመት የሚቀበሉት ጥቂት መቶ ተማሪ ብቻ በመሆኑ ስማቸው በውጭ አገር እንደ ትልልቆቹ ዩኒቨርሲቲዎች አይሰማም። ፈረንሳይ ውስጥ ግን ቀጣሪ ሁሉ ያውቃቸዋል።

«በሩ አንድ ነው፤ በመግቢያ ፈተናው የወደቀ አለቀለት»

ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጠው እዚህ ላይ ስለሆነ ዘርዘር አድርጌ ላስረዳ።

ታዋቂው መንገድ ፕሬፓ ይባላል። ተማሪው የሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቂያ የሆነውን ባካሎሬያ ከያዘ በኋላ በሊሴ (በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት) ውስጥ ለሁለት ዓመት በተለይ ሒሳብና ፊዚክስ ይማራል። በየሳምንቱ «ኮል» የሚሉት የቃል ፈተና አለ፤ አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ሦስት ተማሪዎች ጥቁር ሰሌዳ ፊት ቆመው ለአንድ ሰዓት ያህል በመምህር ይፈተናሉ። ውጤት የሚሰጠው ከ20 ሲሆን 8 ወይም 9 ማግኘት የስንፍና ምልክት አይደለም፤ በአገሩ አንደኛ ይወጣ የነበረ ልጅም ይህን ውጤት ያያል። መጨረሻ ላይ ኮንኩር የሚባለው ብሔራዊ የመግቢያ ውድድር ይመጣል፤ መጀመሪያ በጽሑፍ፣ ያን ያለፈ ደግሞ በቃል።

ያሰበው ትምህርት ቤት ያልደረሰው ተማሪ ሁለተኛውን ዓመት እንደገና ተምሮ ዳግም መወዳደር ይችላል። ይህን የሚያደርጉ በየዓመቱ ብዙ ናቸው፤ ማንም አያፍርበትም። አለዚያም በደረሰው ትምህርት ቤት ይገባል። ጉስታቭ ኤፍል ፖሊቴክኒክ መግባት ሳይችል ቀርቶ ኤኮል ሳንትራል ገባ፤ በ1855 ተመረቀ፤ ያጠናውም ኬሚስትሪ ነበር። በስሙ የሚጠራውን ግንብ በ1889 ያቆመው እንዲህ ካለ ጅማሬ ተነስቶ ነው።

ሌሎች በሮችም አሉ። በ1957 የተመሠረተው ኢንሳ ሊዮን የተባለው የምሕንድስና ትምህርት ቤት ተማሪዎችን ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በቀጥታ ተቀብሎ በአምስት ዓመት ኢንጂነር ያደርጋል። በየዩኒቨርሲቲው ሥር ያሉት የፖሊቴክ ትምህርት ቤቶችም አሉ። ለኢትዮጵያውያን ዋናው በር ግን በዲግሪ መግባት ነው። ከአዲስ አበባ ወይም ከባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ በምሕንድስና ወይም በሳይንስ ጥሩ ውጤት ይዞ የተመረቀ ሰው ፕሬፓን ሳያልፍ፣ በትምህርት ማስረጃውና በቃለ መጠይቅ ተወዳድሮ ወደ ኢንጂነሩ መርሐ ግብር ሊገባ ይችላል። ፕሬፓ በቀጥታ መግባት የሚቀላቸው በአዲስ አበባው ሊሴ ገብረ ማርያም ተምረው የፈረንሳይ ባካሎሬያ የያዙ ልጆች ናቸው።

«ትምህርቱ በነጻ ነው» እና «ለሀብታም ልጆች ብቻ ነው»

ሁለቱም ይወራሉ። ነጻ ነው የሚለው ወሬ በከፊል የመጣው ከፖሊቴክኒክ ይመስለኛል። ይህ ትምህርት ቤት በመከላከያ ሚኒስቴር ሥር ስለሆነ ፈረንሳውያን ተማሪዎቹ ደመወዝ ይከፈላቸዋል። የውጭ አገር ተማሪ ግን ደመወዝ አያገኝም፤ እንዲያውም ይከፍላል። በከፍተኛ ትምህርት ሚኒስቴር ሥር ባሉት ትምህርት ቤቶች፣ በ2019 በወጣው ደንብ ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ ለሚመጣ ተማሪ በዓመት 3,770 ዩሮ ተወሰነ፤ ከአውሮፓውያኑ ክፍያ በላይ ያለውን ልዩነት የሚያነሱለት ተቋማትም አሉ። የግል ትምህርት ቤቶች ከዚህ እጅግ ይበልጣሉ። ከትምህርት ክፍያው ይልቅ የሚከብደው ኑሮው ነው፤ በተለይ ፓሪስ ውስጥ የቤት ኪራይ። የተማሪ መኖሪያ ፈቃድ በዓመት እስከ 964 ሰዓት መሥራትን ይፈቅዳል፤ ሆኖም እንዲህ ካለ ከባድ ትምህርት ጋር ሥራውን ያን ያህል መሥራት ይከብዳል።

የሀብታም ልጆች ይበዙበታል የሚለው ወቀሳ እውነትነት አለው። በታላላቆቹ ትምህርት ቤቶች የኃላፊዎች፣ የመምህራንና የፓሪስ አካባቢ ልጆች ከድርሻቸው በላይ ናቸው፤ ፈረንሳውያንም ይከራከሩበታል። ከኢትዮጵያ የሚነሳ ተማሪ ግን የፈረንሳይ መንግሥት ለውጭ አገር ተማሪዎች ስለሚሰጠው ኤፍል ስኮላርሺፕ አንድ ነገር ይያዝልኝ፦ ተማሪው ራሱ አያመለክትም፤ እጩ አድርጎ የሚያቀርበው ትምህርት ቤቱ ነው። ስለዚህ ወደሚፈልገው ተቋም ቀደም ብሎ፣ በመኸሩ ወራት መጻፍ አለበት።

«የወንዶች ዓለም ነው»

ፖሊቴክኒክ ለሴቶች የተከፈተው በ1972 ነው። በዚያ ዓመት ሰባት ሴቶች አለፉ፤ ከእነርሱ አንዷ አን ሾፒኔ ከወንዶቹም ከሴቶቹም አንደኛ ወጣች። ቁጥራቸው ዛሬም ትንሽ መሆኑ አሳዛኝ ነው፤ ምክንያቱ ግን ችሎታ እንዳልሆነ የመጀመሪያው ዓመት ራሱ አሳይቷል።

«ሰሌዳ ላይ ሒሳብ ከመጻፍ ሌላ የለም»

ፕሬፓ እንደዚያ ነው። ከዚያ በኋላ ግን በድርጅት ውስጥ ተለማማጅ ሆኖ ሳይሠራ የሚመረቅ ኢንጂነር የለም። ከሁለት ወር ለሚበልጥ ልምምድም ሕጉ ክፍያ ያስገድዳል።

«እንግሊዝኛ ይበቃል»

በእንግሊዝኛ የሚሰጡ የማስተርስ መርሐ ግብሮች አሉ። የኢንጂነር ዲፕሎማው ትምህርት ግን በአብዛኛው በፈረንሳይኛ ነው። ያለ ፈረንሳይኛ የልምምድ ቦታ ማግኘትም ይከብዳል። በአውሮፓ የቋንቋ ደረጃ መለኪያ ቢያንስ እስከ ቢ2 (ከመካከለኛ በላይ) መድረስ ያስፈልጋል፤ ይህም በአንድ ክረምት የሚያልቅ ነገር አይደለም።

«ስሙ ላይ ኢንጂነሪንግ ካለ ዲፕሎማው ያው ነው»

በገንዘብ የሚጎዳው ይህኛው ነው። በፈረንሳይ የኢንጂነር ዲፕሎማ መስጠት የሚችሉት በ1934 በተቋቋመው ኮሚሲዮን ዴ ቲትር ዴንጂኒየር ተመርምረው የጸደቁ ትምህርት ቤቶች ብቻ ናቸው፤ ቁጥራቸው 200 ያህል ነው። ይህ ዲፕሎማ በሕግ የማስተርስ ደረጃ አለው፤ ያዡም ለዶክትሬት መመዝገብ ይችላል። ከዝርዝሩ ውጭ ያሉ የግል ተቋማት ግን «ማስቴር» የሚል ማራኪ ስም ሰጥተው በሺዎች ዩሮ የሚያስከፍሉት፣ መንግሥት እንደ ማስተርስ ዲግሪ የማያውቀው ወረቀት አለ። በዝርዝሩ ውስጥ ያለ ትምህርት ቤትም ከኢንጂነር ዲፕሎማው ጎን ለጎን ሌሎች ማስረጃዎችን ይሰጣል። ስለዚህ የትምህርት ቤቱን ስም ብቻ ሳይሆን የመርሐ ግብሩንም ስም በኮሚሲዮኑ ዝርዝር ውስጥ ፈልጉ፤ ሲመረቁ የሚሰጠው ማስረጃ የትኛው እንደሆነ ከመክፈላችሁ በፊት በጽሑፍ ጠይቁ።