ድምር ዳገት ምንድን ነው?

"ባሕር ዳርቻ እኮ ሜዳ ነው" አለኝ አንድ ጓደኛዬ። ጅማ፣ ፈረንጅ አራዳ ሰፈር ቁጭ ብለን ቡና እየጠጣን ስልኩ ላይ ቪዲዮ እናያለን። በአንድ በኩል ሰማያዊ ባሕር ነው፣ በሌላ በኩል ደን፣ መሀል ላይ ጠባብ አስፋልት፣ አስፋልቱ ላይ ሁለት ብስክሌተኞች። "ዳገት የተፈረደብን እኛ ጅማዎች ነን" ብሎ ጨመረበት። ቪዲዮውን ትንሽ ስንገፋው ሁለቱ ሰዎች ከኮርቻቸው ተነስተው ቆመው እየረገጡ ነበር፤ ባሕሩ ደግሞ ከታች ርቆ ይታያል። ሜዳ ላይ ማን ቆሞ ይረግጣል?

ይሄን የሚያስረዳ አንድ ቁጥር አለ። ድምር ዳገት ይባላል። እዚህ ከተማ ብስክሌት የምንነዳ ሰዎች ስለ ኪሎሜትር ብዙ እናወራለን፣ ስለዚህኛው ግን እምብዛም አናነሳም፤ በዚህም የተነሳ ብዙ ሰው በመጀመሪያው ጉዞው ተሰቃይቶ ብስክሌቱን ግድግዳ ላይ ሲያስደግፍ አይቻለሁ። ያሳዝነኛል። እንዲህ ያለ አረንጓዴ አገር ላይ እየኖሩ ብስክሌት መተው በጣም ያሳዝናል።

ነገሩ ቀላል ነው። ድምር ዳገት ማለት ከተነሳችሁበት እስከምትደርሱበት ሽቅብ የወጣችሁት ሜትር ሁሉ ሲደመር ነው። ሽቅቡ ብቻ። ቁልቁለቱ አይቀነስም። 50 ሜትር ወጥታችሁ፣ 50 ወርዳችሁ፣ እንደገና 50 ብትወጡ፣ ከመነሻችሁ ከፍ ያላችሁት በ50 ሜትር ብቻ ነው። ድምር ዳገታችሁ ግን 100 ነው። እግር የሚቆጥረው 100ውን ነው።

ከዚሁ ከአካባቢያችን ልጥቀስ። ጅማ 1,780 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ቦንጋም ከዚህ ብዙ አትርቅም፣ 1,700 ሜትር አካባቢ ናት። ቁጥሩን ብቻ ያየ ሰው "እኩል አይደሉም እንዴ? እንደውም ትንሽ ቁልቁለት አለው" ይላል። መንገዱን ያየ ግን እንዲህ አይልም። ከጅማ ወጥታችሁ ሰቃን ታልፋላችሁ፣ የበለጤ ደን ውስጥ ትገባላችሁ፣ ሸቤን ትሻገራላችሁ፣ ከዚያ መንገዱ ወደ ጎጀብ ወንዝ ይወርዳል ይወርዳል፣ ከድልድዩ ማዶ ደግሞ ወደ ከፋ መውጣት ይጀምራል። በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው የከፍታ ልዩነት ስለዚህ ሁሉ መውጣትና መውረድ አንዲት ቃል አይነግራችሁም።

ባሕር ዳርቻም እንደዚያው ነው። መነሻው ዜሮ፣ መድረሻውም ዜሮ ሊሆን ይችላል፤ መሀሉ ግን ሌላ ነው። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ በየዓመቱ የኬፕታውንን ልሳነ ምድር የሚዞር ትልቅ የብስክሌት ውድድር አለ፣ 109 ኪሎሜትር። ቻፕማንስ ፒክ የሚባለው መንገድ ከገደል ተፈልፍሎ የወጣ ነው፣ ከሥሩ ውቅያኖስ። ብስክሌተኛው እዚያ ተነስቶ እዚያው ከተማ ሲመለስ፣ አንድም ትልቅ ተራራ አናት ላይ ሳይደርስ፣ ከ1,000 ሜትር በላይ ሽቅብ ወጥቷል።

ለምን? የብዙ ወንዝ መጨረሻ ባሕር ነው። ወንዝ ደግሞ ወደ ባሕር ሲወርድ ሸለቆ ይቆፍራል። በሁለት ሸለቆ መሀል የሚቀረው መሬት ወደ ባሕሩ እንደ አፍንጫ ይወጣል። ስለዚህ የባሕር ዳርቻ መንገድ ወደ ወንዙ አፍ ይወርዳል፣ አፍንጫው ላይ ይወጣል፣ እንደገና ይወርዳል። የእኛም መንገድ ጸባይ ይኸው ነው፤ ልዩነቱ እኛ ጋ ውኃው ወደ ባሕር ሳይሆን ወደ ጊቤና ወደ ጎጀብ፣ በአጋሮ በኩል ደግሞ ወደ ዴዴሳ መሄዱ ብቻ ነው። መንደሩ ጉብታ ላይ ነው፣ ምንጩ ከሥር ነው፣ በሁለት ጉብታ መሀል አንድ ድልድይ አለ። ከጅማ አጋሮ በብስክሌት የሄደ ሰው ድልድይ በታየ ቁጥር ቀጥሎ ምን እንደሚመጣ ያውቃል።

አሁን አንዱን ትልቅ ስህተት ላንሳ። "የወጣሁትን ቁልቁለቱ ይመልስልኛል" የሚል ሐሳብ አለ። አይመልስም። በቁጥር እንየው። ሜዳ ላይ በሰዓት 25 ኪሎሜትር የምትሄዱ ሰዎች ናችሁ እንበል። 10 ኪሎሜትር ሜዳ 24 ደቂቃ ይፈጅባችኋል። አሁን ሜዳውን እንተወውና 5 ኪሎሜትር ዳገት፣ 5 ኪሎሜትር ቁልቁለት እናድርገው፤ ዳገቱ በየ100 ሜትሩ 6 ሜትር የሚወጣ ይሁን። ሽቅቡን በሰዓት 10 ኪሎሜትር ብትሄዱ 30 ደቂቃ ነው። ቁልቁሉን በሰዓት 40 ብትበሩ እንኳ ሰባት ደቂቃ ተኩል ነው። ድምሩ 37 ተኩል። ርቀቱ ያው 10 ኪሎሜትር ነው፣ መነሻና መድረሻው እኩል ከፍታ ላይ ነው፣ እናንተ ግን 13 ደቂቃ ተኩል ዘገያችሁ። ዳገት ላይ የምትቆዩት ረጅም ሰዓት ነው፣ ቁልቁለት ላይ አጭር። በዚያ ላይ ቁልቁለት ሲወርዱ ያጠራቀማችሁትን ጉልበት ነፋሱና ፍሬኑ ይበሉታል። ከብት በሚሻገርበት፣ ባጃጅ ድንገት በሚታጠፍበት፣ አይሱዙ በሚመጣበት መንገድ ላይ ደግሞ ፍሬን ሳይይዙ መውረድ አይታሰብም።

ጉልበቱም ይሰላል። እናንተና ብስክሌቱ አንድ ላይ 80 ኪሎ ብትመዝኑ፣ 1,000 ሜትር ሽቅብ ለመውጣት ሰውነታችሁ ወደ 750 ካሎሪ ያቃጥላል፤ ጡንቻ ከሚበላው ጉልበት ወደ ፔዳሉ የሚያደርሰው አንድ አራተኛ ያህሉን ብቻ ነውና። ይሄ ለዳገቱ ብቻ ነው፣ ሜዳው ተጨማሪ ነው። እኔ በሶ በጥብጬ ነው የምይዘው። ሙዝም ጥሩ ነው፣ በየመንገዱ ይገኛል። ኪሎሜትሩን ብቻ አይቶ "40 ኪሎሜትር ምን አላት" ብሎ ውኃ ብቻ ይዞ የወጣ ሰው ግን መሀል መንገድ ላይ ጉልበቱ ይከዳዋል። እኔም ከድቶኝ ያውቃል። ወደ አጋሮ ነበር፣ ቁርስ ሳልበላ፣ ከመንገድ ዳር ተቀምጬ እጄ ሲንቀጠቀጥ አንዲት እናት በቆሎ ጠብሰው ሰጡኝ። ገንዘብ አልቀበልም አሉ።

ቁጥሩ ብዙ ነው ወይስ ትንሽ የሚለውን ለማወቅ ለርቀቱ ማካፈል ነው። ለአንድ ኪሎሜትር 5 ሜትር ካልደረሰ ሜዳ ነው ማለት ይቻላል። 10 ሜትር አካባቢ ከሆነ ወጣ ገባ ነው። 20 ሲደርስ ተራራ ነው። ምጽዋን አስቡ፤ ከባሕሩ ጠርዝ ትነሳላችሁ፣ በጊንዳዕና በነፋሲት በኩል ከ2,300 ሜትር በላይ ያለችው አስመራ ትደርሳላችሁ፣ 115 ኪሎሜትር ገደማ። ይሄው 20 ነው፣ ያውም ቁልቁለቶቹ መልሰው የሚያስወጡት ሳይታከል። በ2024 እ.ኤ.አ. በቱር ደ ፍራንስ ሦስት ዙር አሸንፎ አረንጓዴውን ማልያ የወሰደው ቢንያም ግርማይ የአስመራ ልጅ ነው፣ እንዲህ ባለ አገር ነው ያደገው።

ከእኛ ከተማ ደግሞ ወደ ጅሬን፣ ወደ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት የሚወስደው መንገድ አለ። 7 ኪሎሜትር ገደማ ነው፣ ሽቅቡ ደግሞ 200 ሜትር አካባቢ። ለኪሎሜትር ሲካፈል ወደ 30 ይጠጋል። አጭር ስለሆነ ሰው ይንቀዋል። ለመለማመጃ ግን ከእሱ የተሻለ የለም፤ ጠዋት ወጥቶ፣ ከላይ ሆኖ ከተማዋን አይቶ፣ ሥራ ሳይረፍድ መመለስ ይቻላል።

ታዲያ ቁጥሩ ሁሉን ነገር አይናገርም። 200 ሜትር በ10 ኪሎሜትር ውስጥ ተዘርግቶ ቢመጣ ዳገት መሆኑን ላታስተውሉት ትችላላችሁ። ያው 200 ሜትር በ2 ኪሎሜትር ውስጥ ቢመጣ ትንሹ ማርሽ ላይ ሆናችሁም ካቴናው ይጮኻል። ድምሩ አንድ ነው። የት ላይ እንደሚመጣም አይነግራችሁም። በ1907 እ.ኤ.አ. የተጀመረው፣ ሚላኖ-ሳንሬሞ የሚባለው፣ በጣሊያን ባሕር ዳርቻ ሳንሬሞ የሚገባው የብስክሌት ውድድር መጨረሻው ላይ ፖጆ የምትባል ጉብታ አለችው። 3.7 ኪሎሜትር ናት፣ በአማካይ በየ100 ሜትሩ 4 ሜትር እንኳ አትወጣም። ጠዋት በባዶ እግር የምትወጣ ዓይነት ናት። ግን የምትመጣው 280 ኪሎሜትር ገደማ ከተነዳ በኋላ ነው፣ ስለዚህ ብዙ ጊዜ ውድድሩ የሚለየው እሷ ላይ ነው።

ቁጥሩ ከየት ይመጣል? ስልካችሁ ላይ ያለው መተግበሪያ በአብዛኛው ከካርታ ነው የሚያነበው። ካርታው በየተወሰነ ሜትሩ አንድ ከፍታ ይዟል። መንገዱ ገደል ጎን ላይ ከሆነ፣ ወይ ዛፉ ጥቅጥቅ ብሎ ጂፒኤሱ ጥቂት ሜትር ከሳተ፣ ስልኩ እናንተ አስፋልት ላይ ሳላችሁ ገደሉን ወጥታችሁ የወረዳችሁ ይመስለዋል፣ ድምሩ ያብጣል። የባሕር ገደልና የደን መንገድ በዚህ አንድ ናቸው። የተሻለው መሣሪያ የአየር ግፊት የሚለካው ነው። እሱም የራሱ ጣጣ አለው፤ ደመና ሲመጣ ግፊቱ ይቀንሳል፣ መሣሪያው ደግሞ ከፍ ያላችሁ ይመስለዋል። በጅማ ክረምት፣ ከሰዓት በኋላ፣ ሆቴል በረንዳ ላይ ዝናብ ተጠልላችሁ ቆማችሁ ሳለ ዳገት ሊቆጥርባችሁ ይችላል። ስለዚህ ሁለት ሰው አንድ መንገድ ነድቶ የተለያየ ቁጥር ቢያመጣ መጨቃጨቅ አያስፈልግም። ዋናው ነገር ሁልጊዜ በአንድ መሣሪያ መለካትና የራሳችሁን መንገዶች እርስ በርስ ማወዳደር ነው።

መንገድ ስትመርጡ እንግዲህ ሁለት ነገር ጠይቁ፤ ድምር ዳገቱ ስንት ነው፣ ከመመለሻው በፊት ነው ወይስ በኋላ? ጅሬን መጀመሪያ ያስወጣል፣ ሲመለስ ያወርዳል። ለጀማሪ ደግ መንገድ ነው። ጎጀብ ድልድይ ደርሶ መመለስ ተቃራኒው ነው። ከጅማ ስትነሱ ወጣ ገባውን ነድታችሁ፣ በደኑ ጥላ ውስጥ አልፋችሁ፣ መጨረሻው ላይ ያን ረጅም ቁልቁለት እየበረራችሁ ትወርዳላችሁ፣ ደስ ይላል፣ ነፋሱ ፊታችሁን ይመታል። ድልድዩ ላይ ቆማችሁ "ግማሹን ጨረስን" ብትሉ በኪሎሜትር ልክ ናችሁ። በድምር ዳገት ግን ትልቁ ገና ከፊታችሁ ነው፣ እዚያ ከመውረዳችሁ በፊት ሸቤ ላይ ብሉ፣ ውኃችሁንም ሙሉ።